ደሴ ላይ የጡረተኞች የጋራ ግቢ፦ ምኑን እናግዝ፣ ምኑን እንተው?

ጦሳ ግርጌ
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። በቅሬ (በሰፈር እድር) ደረጃ የተነሳ ሐሳብ ነው። ልጆቻቸው አዲስ አበባና ዐረብ አገር የሆኑ፣ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ዘጠኝ ጡረተኞች አሉ፤ ስድስት እናቶች፣ ሦስት አባቶች። በአንድ ግቢ ለየራሳቸው አንዳንድ ክፍል፣ የጋራ ማድ ቤት፣ የጋራ መታጠቢያና ሁለት ረዳቶች ይኖሯቸዋል። ኪራይ ስለሚከፍሉ የራሳቸው ቤት ነው፤ “መጦሪያ” እንዲባል አልተፈለገም። ክርክሩ ረዳቶቹ ምን ይሥሩ የሚለው ላይ ነው። ገሚሱ “ሽማግሌ ደክሟል፣ ሁሉ ይደረግለት” ይላል፤ ገሚሱ “ሁሉ ከተደረገለት በዓመቱ አልጋ ላይ ይቀራል” ይላል። ሌላው ችግር ግቢው ተዳፋት ነው፣ ቤቶቹም የጭቃ ናቸው። ሙያው ያላችሁ ዘርዝራችሁ ጻፉልን።

የገራዶ ልጅ
ይሄ ምን ያከራክራል? የሰባ አምስት ዓመት እናት ልብሳቸውን ሲያጥቡ ቆሞ ማየት ነውር ነው። አገልግሎ መመረቅ ነው እንጂ። ደግሞ የሰፈሩ ሰው ዝም የሚል ይመስላችኋል? “ኪራይ እየተቀበሉ ያሠሯቸዋል” ነው የሚባለው።

ጉልበት ይጽና (ፊዚዮቴራፒ)
የገራዶ ልጅ፣ ምርቃቱ አይቅርብህ፤ ጡንቻ ግን ምርቃት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎችን 10 ቀን አልጋ ላይ አዋላቸው፤ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጎደለ። ልብ በሉ፣ ጤነኞች ናቸው፤ የዋሉትም አሥር ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማን ምን እንደሚችል በግምት አትወስኑ፣ ለኩ። መቀመጫው ከመሬት 46 ሳ.ሜ. ገደማ የሆነ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ከወንበሩ 3 ሜትር ለክታችሁ በጠመኔ አስምሩ። ሰውየው የዘወትር ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ከዘራ ካላቸው ይዘው፣ “ተነሱ” ሲባሉ ተነስተው በለመዱት እርምጃ መስመሩ ድረስ ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ይቀመጡ። ሰዓቱን በስልክ ያዙ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ሥጋት አለ። ሰከንዱን ብቻ ሳይሆን አዟዟሩን እዩ፦ በአንድ ቦታ ስንት ትንንሽ እርምጃ ይረግጣሉ? ሲቀመጡስ ራሳቸውን ይዘው ይወርዳሉ ወይስ ዘፍ ይላሉ? ዘፍ የሚል ሰው ጭኑ ደክሟል።

ሁለተኛው ልኬት፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ይነሳሉ የሚል ነው። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላሉ፣ ወንድ ከ12 በታች፣ ሴት ከ10 በታች ከሆነ ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ረዳት ከመመደብ በፊት ልምምድ ይቀድማል። ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት፤ 5 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ማረፍ፣ እንደገና፣ ሦስት ዙር። ሲቀላቸው ትራሱ ይሳሳል፣ ከዚያ ይወጣል።

ረዳቶቹን የምታሠለጥኑት አንድ ነገር ቢሆን የእርዳታውን ቅደም ተከተል ይሁን። በመጀመሪያ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ በልብ እስከ አሥር መቁጠር። ካልሆነ ቃል፦ “እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፣ አሁን ወደ ፊት ያዘንብሉ።” ካልሆነ በእጅ ማሳየት። ካልሆነ ክርናቸው ስር ቀለል አድርጎ መንካት። ማንሳት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ረዳት ከመጨረሻው የሚጀምረው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሰዓት ስለሚያጥረው ነው፤ ሰውየው በ12 ደቂቃ የሚለብሱትን ሸሚዝ እሱ በ2 ደቂቃ ያለብሳቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሁለቱም ረዳቶች ይግቡ፤ ቤት ጽዳትና ገበያ ከዚያ በኋላ ይሁን። ሰዓቱን ካልመደባችሁ ሥልጠናው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብብት ይዞ መጎተት ክልክል ነው፣ በተለይ ስትሮክ ያገኘው ሰው ትከሻው በቀላሉ ከቦታው ይለቃል። ልብስ ሲለበስ የደከመው እጅ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ጤነኛው ይቀድማል። ይህን የሚያውቅ ሰው በአንድ እጁ ራሱን ይለብሳል።

የገራዶ ልጅ
እስከ አሥር መቁጠሩ ገብቶኛል። ወሬውስ?

አቦል ቶና በረካ
ወሬውን የሚዘጋው የሥራው ምርጫ ነው። ውሃ ማመላለስ፣ ከሰል መሸከም፣ ብርድ ልብስ ማጠብ የረዳት ነው። ቡና ማፍላት፣ ምስር መልቀም፣ በርበሬ መቀንጠስ፣ እንግዳ መቀበል፣ ዱአ ማስጀመር የባለቤቶቹ ነው። የመጣ እንግዳ እትዬ ረከቦታቸው ፊት ተቀምጠው ሲቀዱ ካየ “ያሠሯቸዋል” አይልም፣ ባለቤት ናቸው ይላል።

ቡናው ላይ ግን ዕቃው ካልተስተካከለ ይከብዳቸዋል። የተለመደው በርጩማ ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ. ነው፤ ከዚያ መነሳት ጉልበቱ የታመመ ሰው የማይችለው ነገር ነው። አንዴ ሰው ጎትቶ ያስነሳቸው እለት ደግመው አይቀመጡበትም፣ “ቡናውን እናንተ አፍሉት” ይላሉ። ቡና የተወ ሰው ደግሞ ጎረቤት ይተወዋል። ወንበሩን 45 ሳ.ሜ. አድርጉት፣ የእጅ መደገፊያ ይኑረው። ረከቦቱን እንደዚያው ከፍ አድርጉ፣ ጉልበት አካባቢ በሚደርስ፣ እግሩ ሰፋ ባለ ጠረጴዛ ላይ። ከሰል ምድጃውን ግን እንጨት ጠረጴዛ ላይ አታውጡ፤ ዙሪያውን ከንፈር ያለው የብረት ማቆሚያ አስበይዱለት፣ አለዚያ ጀበናው ሲነሳ ተጎትቶ ይገለበጣል። ትልቁን ጀበና ተዉት። ውሃ የሞላ የ12 ሲኒ ጀበና ለታመመ አንጓ ከባድ ነው፣ ስድስት ሲኒ የሚይዘው ሁለቴ ይፈላ። ረዳቷ ጀበናውን ከእሳቱ አንስታ ማቶቱ ላይ ታስቀምጥ፤ መቁላቱን፣ ማሽተቱን፣ መቅዳቱንና “ጨው ይሁን ስኳር” ማለቱን ለእሳቸው ትተው።

ደግሞ የማድ ቤቱ ቁልፍ ረዳቷ ቀሚስ ኪስ ውስጥ አይዋል። ሻይ ሲያምራቸው ቁልፍ መጠየቅ ያለባቸው ሰዎች እንግዳ ናቸው።

ሐረጎ ብየዳ
ከሰል ካነሳችሁ አንድ ነገር ልበል፦ ደሴ ብርዱ ሲበረታ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። የከሰል ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለው፣ ተኝተው ይቀራሉ። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ሳሎን ይሁን። ለመኝታ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ይበቃል። የፈላ ውሃ አታድርጉበት፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለማይሰማው ቆዳው ይላጣል።

ወደ ቤቱ ልምጣ። የጭቃ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና በብሎን አትሰሩ። ልስኑ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይቆማል፤ ሰው ሲንሸራተት ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ግን ጭቃውን ይዞ ይወጣል። ምንም ካልነበረበት ግድግዳ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰውየው አምኖታል። ብሎኬትም ቢሆን ባዶው ክፍል ላይ የገባ ፊሸር ያው ነው። ግድግዳውን ተዉት፣ ከወለል ይነሳ። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ግራና ቀኝ በዩ ቅርጽ የተገለበጠ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ትከሉ፣ ሁለት ሁለት እግር ያለው። ጉድጓዱ 30 በ30፣ ጥልቀቱ 50 ሳ.ሜ.። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር በባልዲ። ሰባት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ አቆዩት፣ ከዚያ በፊት ማንም አይደገፍበት። ከወለል በላይ ከ80 እስከ 85 ሳ.ሜ. ይበቃል። ሲበየድ ዚንኩ መጀመሪያ በግራይንደር ይላጥ፣ ጭሱ ሰው ያሳምማል፤ የተላጠው ቦታ አንቲረስት ይቀባ።

መቀመጫው። የነጭ ፕላስቲክ ወንበር መሀሉን ቀዶ ጉድጓዱ ላይ ማድረግ በየቤቱ አለ። እርጥብ ሊሾ ላይ አንዱን መደገፊያ ተጭነው ሲነሱ እግሩ ወደ ውጭ ይከፈትና ይሰነጠቃል። ከ40 በ40 ሚ.ሜ. አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) አራት እግር ያለው ፍሬም፣ ቁመቱ 45 ሳ.ሜ.፣ እግሮቹ ወለሉ ላይ በሲሚንቶ የታሰሩ፣ ላዩ የለሰለሰ እንጨት። የመታጠቢያውንና የሽንት ቤቱን ወለል ደግሞ ሊሾ አታድርጉ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሻካራ ይደረግ። ግንበኛ “ያስጠላል” ይላችኋል፣ አትስሙት።

ተዳፋቱ፦ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። በረንዳው ከግቢው 45 ሳ.ሜ. ከፍ ካለ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ነው። ብዙ ሰው ቦታ የለም ብሎ በ2 ሜትር ይጨርሰዋል፤ ያ መወጣጫ ሳይሆን ሸርተቴ ነው። ቦታው ከሌለ እውነቱን ተቀብላችሁ ደረጃ ሥሩ፦ ከፍታው 15፣ እርግጫው 30፣ ሁሉም እኩል። ሰው የሚጥለው የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ ግንበኛው የተረፈውን ከፍታ እሱ ላይ ስለሚያጠራቅም። ጫፋቸውን ቢጫ ቀለም ቀቡት፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ግራጫ ደረጃን ከግራጫ ወለል አይለይም።

ቦርከና
ይቅርታ፣ ይሄ ሁሉ ቁፋሮ ለምን? ግቢውን ኮምቦልቻ አድርጉት። ሜዳ ነው፣ ባጃጅ በር ድረስ ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች፤ ብርዱም ትንፋሹም አይገናኝም። መንገዱስ ቢሆን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጉልበት ይጽና (ፊዚዮቴራፒ)
ሜዳ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ለጉልበት የሚከብደው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ሲጨመርበት ሰው ከግቢ መውጣት ያቆማል። ግን ሰዎቹ የት ለመሄድ ነው የሚወጡት? ወደሚያውቁት መስጊድ፣ ወደ ደብራቸው፣ ወደ ቅሬያቸው፣ ወደ ሰኞ ገበያ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የሚሄዱበት ከሌላቸው ሜዳው ምን ይሠራል? ኮምቦልቻ ለኖረ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ለኖረ ደሴ።

ለቁልቁለቱ፦ ከዘራው የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። በፊልም ላይ በታመመው በኩል ይዘው ስለሚታዩ ሁሉም ይሳሳታል። ቁመቱ፣ እጅ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል የአንጓው መስመር ላይ ይድረስ። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው። የጫፉ ጎማ ሲያልቅ ብረቱ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ ካልተገኘ ወፍራም ጎማ ቆርጦ መግጠም ይቻላል፣ የከመነዳሪ ስስ ጎማ ግን በሁለት ሳምንት ይበሳል።

ቦርከና
እሺ፣ ተቀብያለሁ። ለአየሩ ግን ኮምቦልቻን የሚያህል የለም 🙂

ሚዛን (ሶሻል ወርክ)
እስካሁን የተጻፈው “ማድረግ መቻል” ላይ ነው። ከዚያ የሚለይ “መወሰን መቻል” አለ፣ ረዳቶች ሁለቱን ያምታታሉ። እግራቸውን ራሳቸው መታጠብ ያቃታቸው አባት መቼ፣ በምን ውሃ፣ በማን እጅ እንደሚታጠቡ መወሰን አላቃታቸውም። ውዱእ ላይ ረዳት ውሃ ያፈስላቸው፣ እሳቸው ያሹ። ቆሞ መስገድ ያቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ወንበሩ የት ይሁን የሚለው ግን የእሳቸው ነው።

ማርግሬት ባልተስ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ ደጋግመው ያዩት ነገር ነበር፦ ነዋሪው ራሱን ሲችል ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ “አልቻልኩም” ሲል ሰው ይመጣል፣ ያወራዋል፣ ይነካዋል። ብቸኛ የሆነ ሰው የቱን እንደሚማር መገመት አያቅትም። ስለዚህ ረዳቶቹ በቀን ሁለቴ ምንም ሥራ በሌለበት ሰዓት ገብተው ይጫወቱ። ጨዋታ ለማግኘት መታመም የማያስፈልግበት ግቢ ይሁን።

ላንገርና ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮኔቲከት በአረጋውያን መኖሪያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙትም ይጠቀሳል፤ ለአንዱ ወገን “አትክልቱን አንተ ተንከባከበው፣ ፊልሙን የምታይበትን ቀን ምረጥ” ተባለ፣ ለሌላው ሠራተኞቹ እንደሚያደርጉለት ተነገረ። የመረጡት ንቁ ሆነው ተገኙ። በክትትሉ ላይ የወጣው የሞት ልዩነት ግን ስሌቱ ስህተት ተገኝቶበት ታርሟል፤ ስለዚህ “ዕድሜ ያስረዝማል” እያሉ የሚያወሩትን አትመኑ። ንቃቱ ይበቃል።

ተግባር ላይ፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ወረቀት። ስድስት ነገር፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መመገብ። በእያንዳንዱ ፊት “ብቻቸውን”፣ “በቃል”፣ “በእጅ” ከሚሉት አንዱ። ወረቀቱን ከረዳቱ ጋር ቁጭ ብለው የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፣ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ወረቀት ካያችሁ የረዳቱን አሠራር መርምሩ።

አንድ ነገር ረሳሁ፦ ዘጠኙም አንድ ዓይነት አይደሉም። ዓይኗ ደህና የሆነች እናት ዓይኑ ለደከመ ጎረቤቷ ስልክ ትደውላለች፣ እሱ ደግሞ ዕቃ ያነሳላታል። ረዳት ሁሉንም ከሞላው ይሄ ይጠፋል።

እህት በቧንቧ ውሃ (ነርስ)
ሰላም፣ ከሕክምናው በኩል የሚያስቸግረው ውሃ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው መጥራት ያለበት ሰው ሰው ላለማስቸገር ውሃ መጠጣት ይተዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ያዞረዋል፣ ይዘባርቃል፤ “ጃጀ” ይባላል። ጃጅቶ ሳይሆን ውሃ አጥሮት ደርቆ ነው። መድኃኒቱ የሐረጎ ብየዳ መያዣ ነው፤ ብቻቸውን መሄድ ሲችሉ ይጠጣሉ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የውሃ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሲነሱ ከዞረባቸው ግፊታቸውን እንዲህ ለኩ፦ 5 ደቂቃ አስተኝታችሁ፣ ከዚያ አስቁማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ። የላይኛው በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ራሳችሁ አታቁሙ። እስከዚያው ሌሊት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ሃያ ጊዜ ያንቀሳቅሱ።

ረመዳንና ጾም፦ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ግሊቤንክላማይድ፣ ሳይበላ ከዋጠው ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ስኳሩ ሲለካ ከ70 (ሚ.ግ./ዴ.ሊ.) በታች ከሆነ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወዲያው፣ ጾሙን መፍታት ነው። የክኒኑ ሰዓትና መጠን ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ከሐኪም ጋር ይስተካከል። የሳምንቱን ክኒን ሳጥን ውስጥ ራሳቸው ይደልድሉ፣ ረዳት ይቁጠር። በተገላቢጦሽ ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ የመድኃኒታቸውን ስም አያውቁትም።

“ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሰው ይምራው” ከማለታችሁ በፊት ሞራ ይሁን ሌላ ይታይ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፣ ከከተማው ሩቅ አይደለም። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል።

ጦሳ ግርጌ
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ የቀረን የጡረታ ገንዘቡ ነው። ባንክ ድረስ የማይችሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ለረዳቷ ውክልና ይስጡ?

ውልና ፊርማ
አይስጡ። የሚንከባከባቸውም ገንዘባቸውን የሚያወጣውም አንድ ሰው ከሆነ ማን ይጠይቀዋል? ውክልናው ለልጅ ወይም ለሚያምኑት የቅሬ ሰው ይሁን።

ይዘቱ ላይ ተጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና ንብረት የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ይሰጣል፤ ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ በ2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው ጸሐፊው “መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ” የሚለውን ከተለመደ ፎርም ገልብጦ ሲያስገባ ነው። ለጡረታ የሚሆነው “ከዚህ ቁጥር ሒሳብ የወር ጡረታዬን እያወጣ እንዲያስረክበኝ” ብቻ ነው። ሲፈልጉ መሻር ይችላሉ፤ ሲሽሩ ለባንኩ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ አለዚያ ባንኩ በቀድሞው ይከፍላል። ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል፤ ከቀብር በኋላ የሚወጣ ብር ጣጣ ያመጣል።

ጣታቸውን የሚያትሙ ካሉ ደግሞ፣ ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ማየት የተሳነው ሰው የጣት አሻራ በሚመለከተው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የኪራይ ውሉንም እንደዚያው አድርጉ፣ በቃል ተነቦላቸው። በውሉ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ክፍሉ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ነዋሪው እንግዳ ለመቀበል ፈቃድ አይጠይቅም። መለዋወጫ ቁልፍ በታሸገ ኤንቨሎፕ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የተከፈተበት ቀንና ምክንያት ይጻፍ።

የገራዶ ልጅ
ከውስጥ ቢቆለፍ ሲወድቁ ማን ይደርሳል?

ሐረጎ ብየዳ
ተንሸራታች ብረት ሳይሆን ከውጭ በቁልፍ የሚከፈት ቁልፍ ግጠሙ። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የወደቀው ሰው ራሱ በሩን ይደግፈዋል።

አቦል ቶና በረካ
ሐረጎ፣ መያዣው ቧንቧ ስንት ኢንች እንደሆነ አልጻፍክም። ጎረቤት ግቢ ያየሁት አንድ ተኩል ነው፣ የእናቶች እጅ አይዘጋበትም።

ሐረጎ ብየዳ
ልክ ነሽ እህቴ፣ ረስቼው ነው። አንድ ተኩል ኢንች ውጩ 48 ሚ.ሜ. ይሆናል፣ ለትንሽ እጅ ወፍራም ነው። ባለ አንድ ኢንቹ ደግሞ ውጩ 33 ነው፣ ለእጅ ይመቻል፣ ለቋሚ ግን ይጎብጣል። ስለዚህ ቋሚዎቹ አንድ ተኩል፣ ላዩ የሚጨበጠው አንድ ኢንች ሆኖ ይበየድ። የብየዳው እባጭ በፋይል ይለስልስ፣ ቀጭን ቆዳ ይቀዳል።

ጦሳ ግርጌ
ነገ ከዋናው ገበያ ቧንቧውን አስቆርጠን እንጀምራለን። ጉድጓዱን ግን የምንቆፍረው የወለሉ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሐረጎ ብየዳ
በፊት። በኋላ ከቆፈርክ በዙሪያው ይሰነጠቅና ውሃ ይገባበታል።